ለማይበላ ሥጋ የተገዛ ውሻ

በአሜሪካዋ ቴክሳስ የዱር አሳማን ከሄሊኮፕተር ላይ ሆኖ መተኮስ በሕግ ከተፈቀደ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ይህም አላጠገበ ብሎ በ2017 ከፊኛ ላይ መተኮስም ይቻላል ተባለ፤ ያ ሞቃት አየር ተሞልቶ ሰው የሚያንሳፍፈው ፊኛ። ፊኛ እንግዲህ መሪ የለውም፤ ነፋስ ወደ ነዳው ነው የሚሄደው። አሳማው ወደ ምሥራቅ ሲፈረጥጥ ነፋሱ ወደ ምዕራብ ቢነፍስስ? ሕግ አውጪዎቹ ይህን ለፈጣሪ የተዉት ይመስለኛል። በ2019 ደግሞ በግል መሬት ላይ፣ ባለመሬቱ እሺ እስካለ ድረስ፣ አሳማ ለመግደል የአደን ፈቃድ ማውጣት ቀረ። አንድ ምክር ቤት በአንድ እንስሳ ላይ እንዲህ ሲረባረብ ያየ ሰው «አይ አሳማ፣ አለቀልህ!» ብሎ ማዘኑ አይቀርም።

አይዘን። አሳማው ደህና ነው። ለአገሩ እንግዳ ነበር፤ ስፔናዊው ኤርናንዶ ዴ ሶቶ በ1539 ፍሎሪዳ ሲወርድ ለስንቅ ብሎ በመርከብ ከጫናቸው ነገሮች አንዱ ነው። ስንቁ እያመለጠ ጫካ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰፋሪ በመጣ ቁጥር የራሱን እየለቀቀ፣ አደን የሚወዱ ሀብታሞችም የአውሮፓን የጫካ አሳማ እያስመጡ ሲደባልቁበት፣ ዛሬ በቴክሳስ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ሴቷ ዓመት ሳይሞላት ታረግዛለች። እርግዝናዋን ገበሬዎቹ «ሦስት ወር ከሦስት ሳምንት ከሦስት ቀን» እያሉ ይቆጥሩታል። ባንድ ጊዜ ከ4 እስከ 6፣ ሲመቻትም ከዚያ በላይ ትወልዳለች። የሚያጠኑት ሰዎች እንደሚሉት ቁጥሩ ባለበት እንዲቆም ብቻ በየዓመቱ ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መወገድ አለበት። ሄሊኮፕተሩና ፊኛው ተደምረው እዚያ አልደረሱም። ወደዚህ አገር ከመጣን መጤዎች ሁሉ ያለ ጠበቃ የተደላደለ እሱ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ፣ ሄሊኮፕተር በተፈቀደበት አገር፣ በሌሊት፣ በእግራቸው፣ በውሻና በቢላዋ አሳማ የሚያድኑ ሰዎች አሉ። የሚስቴ ታናሽ ወንድም ከነሱ አንዱ ልሁን ብሎ ተነሣ።

ልጁ ዳላስ የገባው ገና ጥርሱን ሳይነቅል ነው። የምንኖረው እዚያው ጥግ፣ ጋርላንድ፣ የሐበሻ ሱቅና የእንጀራ መሸጫ በማይታጣበት ሠፈር ቢሆንም፣ እሱን ቴክሳስ ወስዳዋለች፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ ቦት ጫማ፣ ወንዝ የሚሻገር ፒካፕ። የሚሠራው የቤት ማቀዝቀዣ መግጠም ነው። አብሮት የሚሠራ፣ ከምሥራቅ ቴክሳስ የመጣ ፂማም ሰውዬ አለ፤ ነገሩን ያስጀመረው እሱ ነው።

አማቴ ወሬውን የሰሙት ቡና እያፈሉ ነበር። ረከቦቱን ትተው ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት።

«አሳማ እንበላለን እንዴ?»

«አንበላም፣ እማዬ።»

«ውሻስ ቤት እናስገባለን?»

«አናስገባም።»

«ታዲያ የማንበላውን እንዲይዝ ቤት የማናስገባውን ውሻ በስንት ብር ገዛኸው?»

ዋጋውን ሲነግራቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

ፂማሙ ሰውዬ የመከረው ሌላ ነበር፤ ይህን ልመስክርለት። ውሻ አትግዛ ነው ያለው፣ መጀመሪያ። አንድ የአደን ወራት ውሻ ካላቸው ሰዎች ጋር ውጣ፤ እሾሁን፣ ጭቃውን፣ ትንኙን፣ ሌሊት ሙሉ ዞሮ ባዶ እጅ መመለሱን ቅመሰው። ከዚያ በኋላም የሚያምርህ ከሆነ አንድ ሥራ የጨረሰ ውሻ ግዛ፤ አንድ ብቻ። ውድ ነው፤ ግን እሱ ያስተምርሃል። ቡችላ ያማረው ጀማሪ ሁለት የማያውቁ ፍጥረቶች ጫካ ይዞ ይገባል፤ አንደኛው ራሱ ነው። የኛ ልጅ ይህን ሁሉ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አዳመጠና በነጋታው ቡችላ ይዞ መጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት ለሱ ነበር፣ አማርኛው አልደረሰውም እንጂ።

የውሻው ዘር ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ካታሁላ የሚሉት ዥጉርጉር ውሻ ሉዊዚያና በ1979 የክፍለ ግዛቴ ውሻ ነው ብላ ያጸደቀችው ነው። ሰሜን ካሮላይና በ1989 ፕሎት የተባለውን አዳኝ መረጠች። ቴክሳስም እንዳትቀር ብላ በ2005 ብሉ ሌሲን ሾመች። ይህ ሁሉ ድምፅ ተሰጥቶበት፣ ተፈርሞበት ነው። የኛዎቹ ክልሎች ባንዲራና መዝሙር እንጂ ውሻ እስካሁን አልመረጡም፤ ሐሳብ ማቅረቤ ግን አይደለም። ልጁ የገዛው ብላክ ማውዝ ከር የሚባለውን ነው፤ ዳማ ሆኖ አፉ ዙሪያ ጥላሸት የነካው።

እነዚህ ሁሉ ቤይ ዶግ ከሚሏቸው ወገን ናቸው፤ ፈላጊዎች። ካች ዶግ የሚሏቸው ደግሞ ያዦቹ ናቸው። የአንዱ ሥራ በአፍ ነው፣ የሌላው በመንጋጋ። ፈላጊው አሳማውን በማሽተት አፈላልጎ ያገኝና ፊት ለፊቱ ቆሞ ይጮኻል። አሳማው ሲሄድ ይሄዳል፣ ሲቆም ይቆማል፣ ሲወጋው ወደ ኋላ ይላል፣ ፊቱን ሲያዞር ከኋላ ነከስ ያደርጋል። ዱላ የማያነሣ፣ ከደጅም የማይጠፋ አበዳሪ ማለት ነው። ይህ ልኬት ነው ውሻን ውድ የሚያደርገው። ልቡ የበዛ ፈላጊ ዘሎ ይገባና በክራንቻ ተተርትሮ ይመለሳል፣ ከተመለሰ። ልቡ ያነሰው ደግሞ ከሩቅ ይጮኽና አሳማው ዘና ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

ያዡ ሌላ ፍጥረት ነው፤ አሜሪካን ቡልዶግ፣ ፒት ቡል፣ ወይም ዶጎ አርጀንቲኖ። ይህን የመጨረሻውን አንቶኒዮ ኖሬስ ማርቲኔስ የሚባል አርጀንቲናዊ በ1920ዎቹ ኮርዶባ ላይ ብዙ ዘር እያዳቀለ ማውጣት የጀመረው ለዚሁ ለአሳማ ብሎ ነው። ያዡ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ በገመድ ታስሮ ይቆያል። ሲለቁት ሄዶ ጆሮ ይይዛል። ያው ነው ሙያው፤ ጆሮ ይዞ አለመልቀቅ። ስለዚህም ጥሩር ያለብሱታል። ጥሩር ስል እያጋነንኩ አይደለም፤ ጥይት መከላከያ ከሚሠራበት ከኬቭላር የተሰፋ፣ ደረትና ሆድ የሚሸፍን፣ አንገት ላይም ሌላ ሰፊ ቀበቶ ያለው። ልጁ ይህን በፖስታ ያስመጣው ለፂማሙ ሰውዬ ቡልዶግ ነው፤ በልደቱ። አማቴ ካርቶኑ ሲከፈት አዩ፣ ጨርቁን በጣታቸው አሹት። «እኔ በጥር የለበስኩትን ካፖርት ያየ የለም» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ቡችላን ማስጀመር እንዲህ ነው፦ በአጥር የተከበበ ሜዳ ውስጥ ትንሽ አሳማ ይለቀቅና ቡችላው ይገባል። አሳማው ትንሽ መሆን አለበት፤ ቡችላው በመጀመሪያው ቀን ድል ቀምሶ መውጣት አለበትና። ትልቅ አሳማ የጎነተለው ቡችላ ዕድሜ ልኩን አሳማ ሲሸተው ሌላ ጉዳይ ትዝ ይለዋል። የኛን ቡችላ አስገቡት። አሳማዋ ከድመት ብዙም አትበልጥም። ቡችላው አየት አደረጋት፤ አየችው። ጅራቱን ቆላላት። እሷ አንድ ጊዜ እርር! አለችና ተንደርድራ መጣች፤ እሱ በልጁ ቦት ጫማ መሐል አልፎ ከአጥሩ ጋር ተጋጨ። ልጁ በሐፍረት ሰማይ ሰማይ ሲያይ ፂማሙ ሰውዬ «መልካም ነው፤ አንድ ነገር ተምሯል» አለ። ምን እንደተማረ አላስረዳም።

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ከትልቅ ውሻ ኋላ መከተል ነው። ትልቁም ችግር እዚያ ይመጣል፤ ጫካ ውስጥ የሚሸተው አሳማ ብቻ አይደለም። አጋዘን አለ፣ ጥጃ አለ፣ ቂጡን አዙሮ ግማት የሚረጭ ስከንክ አለ። ለአሳማ የተለቀቀ ውሻ ሌላ እንስሳ ሲያባርር ነውር ነው፤ ከዚህ አመል እስኪወጣ ስንት ወር ይሄዳል። የኛው ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ሲጮኽ ውሻው ያለበት በአንገቱ ቀበቶ ጂፒኤስ ይታያልና፣ ሰዎቹ እሾህ ለእሾህ እየተቧጠጡ፣ ቡልዶጉን በገመድ እየጎተቱ ሮጡ። ደርሰው ሲያዩ የከበበው አርማዲሎ ነው፤ ያ ጥሩሩን ከእናቱ ማኅፀን ለብሶ የሚወለደው። እሱም ግማሽ ገላው ጉድጓድ ገብቶ ነበር። ለነገሩ ውሻው ስም ላይም ተቸግሯል። ልጁ «ሬንጀር» ብሎታል፤ አማቴ «አንበሶ» ነው የሚሉት። የተረፈ ፍርፍር የሚሰጡት እሳቸው ስለሆኑ ጫካ ውስጥ «ሬንጀር!» ሲባል ሌላ ሰው እየተጠራ ነው ብሎ ያስባል።

እኔም አንድ ሌሊት አብሬ ወጣሁ። በበጋ ቀን ቀን አያድኑም፤ ሙቀቱ ከአሳማ በፊት ውሻ ይገድላል፣ ፒካፑም ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጫነው ውሃ ነው። ቦታው የትሪኒቲ ወንዝ ዳርቻ፣ የአንድ ገበሬ የበቆሎ ማሳ ጥግ ነበር። በባትሪ ብርሃን ማሳውን ሳየው ደነገጥኩ። በትራክተር የታረሰ መሰለኝ፤ በአፍንጫ ነው የታረሰው። አንድ ሙሉ ረድፍ የተዘራው ዘር እየተለቀመ ተበልቷል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሳይዘል።

ውሾቹ ተለቀቁ። ከዚያ ምንም የለም። ሰዎቹ ፒካፑን ተደግፈው ስክሪን ያያሉ፤ ስክሪኑ ላይ ውሾቹ ቀስት ሆነው ይንቀሳቀሳሉ፣ ሦስት መቶ ሜትር፣ አምስት መቶ ሜትር። እኔ የውሻ ሳጥኑ ላይ ወጥቼ ተቀምጫለሁ፤ ከፍታ ቦታ ለመመልከት ያመቻል። ድንገት ከሩቅ አንድ ጩኸት መጣ። ፂማሙ ሰውዬ እጁን አነሣ። ሁለተኛ ጩኸት። «እየሄደ ነው» አለ። ጩኸቱ እየተቆራረጠ ራቀ፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ረጋና ያለማቋረጥ ሆነ፤ ሁዋ ሁዋ ሁዋ ሁዋ። «ቆመ! አውራ ነው፣ ትልቅ!» አለና ቡልዶጉን ይዞ ጨለማ ውስጥ ገባ። ከጩኸቱ የአሳማውን ፆታና መጠን እንዴት እንዳወቀ ብጠይቀው፣ ውሻው ነገረኝ ነው ያለው።

የቀረው ብዙው ድምፅ ነው። ቡልዶጉ ሲለቀቅ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፤ እሱ አይጮኽም። ከዚያ አሳማው ያንን ጩኸቱን ለቀቀው፤ ሰማይ የሚሰነጥቅ። ሰዎቹ ከኋላ ገብተው የኋላ እግሮቹን ይዘው ይገለብጡታል፣ ከፊት እግሩ ሥር ወደ ልብ በቢላዋ ይጨርሱታል። በፍጥነት መሆን አለበት፤ ለአሳማውም ለውሻውም ሲባል። ሲያበቃ ጠጋ ብዬ አየሁት። የአውራ አሳማ ትከሻ ላይ ከቆዳው ሥር ወፍራም፣ ጅማት የመሰለ ጋሻ አለው፤ አውራዎች ሲዋጉ የሚከላከሉበት ነው። የታችኛው ክራንቻ ከላይኛው ጋር አፉን በከፈተና በዘጋ ቁጥር እየተፋተገ ይሳላል። ሞረዱ ከቢላዋው ጋር ነው የተፈጠረው።

የሚስቴ ወንድም የኋላ እግር ከያዙት አንዱ ነበር። እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ባርኔጣው የት እንደወደቀ አይታወቅም። ደሙ ሞቆ «ዘራፍ!» አለ። ከአያቱ የሰማው መሆን አለበት። ፎካሪ ግዳዩን መናገር አለበትና እኛም ጠበቅን። በአገራችን አንበሳ የገደለ፣ ዝሆን የገደለ፣ ጎሽ የገደለ ይፎክራል። «የአሳማ ገዳይ!» ብሎ የፎከረ ግን እስካሁን አልሰማሁም፤ ልጁም ጉሮሮው ላይ ቆመበት። «ዘራፍ...» ብሎ አንድ ጊዜ ደገመና ባርኔጣውን ሊፈልግ ሄደ።

ፒካፑ ጋ ስንመለስ ሌላ ሥራ ጀመሩ። አንዷ ፈላጊ ጭኗ ላይ ተተርትራለች። ፂማሙ ሰውዬ የኋላ መዝጊያውን አውርዶ አስተኛት፣ ቁስሉን በውሃ አጠበ፣ ቁስል በሚሰፋ ስቴፕለር ቸክ ቸክ ቸክ አድርጎ ዘጋው። እሷ አንድ ጊዜ እንኳ አልተናከሰችም፤ ዓይኗ ጫካው ላይ ነበር። ያን ሌሊት ካየሁት ሁሉ የማልረሳው እሷን ነው፤ እየተሰፋች፣ ካሁን ካሁን ይለቁኛል እያለች ጆሮዋን ታቆማለች።

ሥጋው? በጓንት ነው የሚበለተው፤ አሳማው ብሩሴሎሲስ የሚባል ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል። ሌላም ሱዶሬቢስ የሚሉት አለ፤ ሰውን ብዙም አያሰጋም፣ ውሻን ግን ይገድላል፣ ለውሻ የሚሆን ክትባትም የለውም። ስለዚህ ላቡን ያፈሰሰው ውሻ ጥሬ ሥጋውን እንዳይቀምስ ይጠበቃል። የኛ ልጅም አይበላም። ከሁሉም በላይ የለፉት ሁለቱ ባዶ አፋቸውን ወደ ጋርላንድ ተመለሱ። እሑድ ጠዋት አማቴ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በዚያው ፒካፕ ነው። ወንበሩን በበረኪና አስጠርገው፣ ፌስታል አስነጥፈው፣ ከላዩ ጋቢ ደርበው ነው የተቀመጡት። ጎማው ቢታጠብም ይጠቅማል ብለው ነበር፤ ታጠበ።

እኔ ደግሞ የተማርኩ ሆኜ ልጁን ላሳምነው ሞከርኩ። አሁን ትልልቅ ወጥመዶች አሉ፤ ካሜራ አላቸው፣ መንጋው በሙሉ ገብቶ እስኪያልቅ ይታይና በሩ በስልክ ይዘጋል። እናት ከነልጆቿ፣ አክስት ከነዘመዶቿ ባንድ ሌሊት ይያዛሉ። ውሻ አንድ ቢይዝ ሁለት ነው፤ ወጥመድ የለመደውንና የማይገባውን ብልጥ አሳማ ለማውጣት ካልሆነ ብዙም አይረዳም። ደግሞም አሳማው ወዳልነበረበት አገር የደረሰው ራሳቸው አዳኞቹ ለጨዋታ ብለው በመኪና እየጫኑ ስለለቀቁት ጭምር ነው። ጠላታችን ነው የሚሉት፣ ቢያልቅ ግን ቅዳሜ ሌሊት የት እንደሚሄዱ አያውቁም። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ ልጁ ሬንጀርን፣ ማለትም አንበሶን፣ ከጆሮው ሥር እያከከ ነበር።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ወጥመድ እኮ አይጮኽም።»

መልስ አጣሁለት።

የመጨረሻው ቃል ግን የአማቴ ሆነ። ፂማሙ ሰውዬ አንድ እሑድ ቡና ተጠርቶ መጣ። ፈንዲሻውን በእፍኙ እየዘገነ፣ ሲኒዋን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ስለ ገበሬው በቆሎ ሲያወራ ልጁ ያስተረጉማል። አማቴ እስከዚያ ድረስ ጉዳዩ የውሻና የአሳማ እንጂ የሰብል መሆኑን ማንም አልነገራቸውም ነበር። በቆሎ የሚለውን ሲሰሙ ጀበናውን አስቀመጡ። ጎጃም ቆላ ነው ያደጉት። በልጅነታቸው በቆሎ እሸት ሲይዝ ማሳው መሐል ማማ ይሠራል፤ ቀን ቀን ለዝንጀሮ ወንጭፍ ይዘው እሳቸውና ወንድሞቻቸው ይወጡበታል፤ ሌሊት ለአሳማና ለጃርት አባታቸው ጦር ይዘው፣ ከታች ውሾቹ፣ እሳት ነዶ፣ ቆርቆሮ እየተደበደበ ያድራል። «ውሻ ምን አገባው ከእርሻ ያለው ሰው በቆሎ ዘርቶ አያውቅም» አሉ። ሰውዬው ይህ ሲተረጎምለት ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጠይቀው እስቲ» አሉ ለልጃቸው፤ «ያ ገበሬ ማሳው ስንት ጥማድ ነው?»

ተጠየቀ። በኤከር ተነገራቸው፣ በጥማድ ተሰላ፤ አፋቸውን ያዙ።

«ይህን ሁሉ ሌሊት የሚጠብቀው ማነው?»

«ማንም።»

«ማንም?»

«ሰውዬው ከተማ ነው የሚያድረው፣ እማዬ። አሳማ አዳኞች ሲመጡ ያስገባቸዋል። አንዳንዱ ባለመሬት እንዲያውም ያስከፍላል።»

«አሳማውን ነው የሚያስከፍለው?»

«አዳኙን።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እንግዳው ነገሩ ከረረ መሰለውና ሊያለዝብ ብሎ፣ እዚህም ማማ አለ፣ አዳኞች ቁጭ ብለው የሚጠብቁበት፣ ከሱቅ ይገዛል ብሎ በስልኩ ፎቶ አሳያቸው። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው አዩ፤ አራት ቋሚ፣ መሰላል፣ ከላይ ጣሪያ። ዋጋውን ልጃቸው አነበበላቸው። ስልኩን መለሱለትና ልጃቸውን ከባርኔጣው እስከ ቦት ጫማው አዩት።

«አንተ ልጅ» አሉት፤ «አንበሶ እዚሁ ከኔ ጋር ይቀመጥ። አንተ ነገ እንጨት ግዛና ማማ እየሠራህ ሽጥላቸው።»